ስለዚያ የጨው ውኃ

ለታናሽ ወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ፤

ካለሁበት ሆኜ ጉንጭህን አገላብጬ ስሜሃለሁ። የመጨረሻው ደብዳቤህ ደርሶኝ ሳልጽፍልህ ሃያ አራት ቀን ሆነ፤ ስለዚህ የሃያ አራቱን ቀን ሰላምታ ደርበህ ተቀበለኝ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ? አሁንም ጠዋት ስትነሣ ግድግዳ ይዘህ ነው የምትቆመው ወይስ ተሻለህ? ባለቤትህ ያን የሚያሰቃያትን ጥርስ አስነቀለችው ወይስ ዛሬ ነገ እያለች በቅርንፉድ ታባብለዋለች? የአክስታችን ጉልበት እንዴት ነው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ቡችላችሁስ? ስለ ቡችላው ስጠይቅህ አፍራለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኘዋለህ።

እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። በሌላው ደህና አይደለሁም።

ሰኞ ጠዋት ደውዬ «ጨው የተበጠበጠበት ውኃ ለውሻም ለሰውም እንዳታጠጡ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ንገር» አልኩህ። አንተ «ምነው እትዬ፣ ራስሽ ያዘዝሽው መድኃኒት አይደል እንዴ? ደግሞ ፈውሷል እኮ!» ብለህ ስትስቅ ስልኩን ዘጋሁ። ሳቅህ ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ የደወልኩት ይህንኑ ልነግርህ ነው። «እትዬ!» ስትለኝ ጊዜ ግን ወሬዬን ዋጥኩና ስለ ዝናብ ጠየቅኩህ። አንተም ከልብህ ስለ ዝናብ መለስክልኝ። አሁን የምጽፍልህ ያለ ምክንያት ብትናገር ማንም እንደማይሰማህ ስለገባኝ ነው። የሠራ መድኃኒት ተው ሲባል ማን ይተዋል? ይህ ደብዳቤ ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ስለምፈልግ፣ አንተ የምታውቀውንም ቢሆን ከመጀመሪያው እተርካለሁ።

ከሦስት ወር በፊት ቡችላው የጫማ ተረከዝ እንደበላ፣ የመጥረጊያ እጀታ እንደጨረሰ፣ ጭራሽ የትንሿን ካልሲ እንደዋጠ ጽፈህልኝ፣ «አንቺ አንባቢ ነሽ፣ ምን ይሻላል?» አልከኝ። እውነቱን ልናገርና ስለ ቡችላው ከማሰቤ በፊት «አንባቢ ነሽ» የምትለዋን ቃል ሦስቴ ደግሜ አነበብኳት። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለቀምኩት ከስኳር መጠቅለያና ከሳሙና ካርቶን ነው። እዚህ የእንግዳ ማረፊያ በስፌት ሥራ ከገባሁ ወዲህ ደግሞ እንግዶች ጥለውት የሚሄዱትን ጋዜጣና መጽሔት እሰበስባለሁ። ከፊሉን መሳቢያ አነጥፍበታለሁ፣ ከፊሉን መስታወት እወለውልበታለሁ፣ የተረፈውን አነባለሁ። ስለዚህ የማውቀው ነገር ሁሉ ቁራጭ ነው። መጀመሪያ ያለው መጨረሻውን አላገኘሁትም፣ መጨረሻ ያለው መጀመሪያው ጠፍቷል። በደብዳቤዎቼ ግን አንድም ቀን «ይህን ያነበብኩት ግማሽ ገጽ ላይ ነው» ብዬህ አላውቅም።

የአዝራር መሳቢያዬ ውስጥ የተነጠፈ አንድ የመጽሔት ገጽ ነበር። አናቱ ላይ «ውሻዎ የቤት ዕቃ ቢውጥ» ይላል። ውሻ ለምን ዕቃ እንደሚያኝክ ይዘረዝርና ግርጌው ላይ ሲደርስ፣ ብዙ ቤተሰብ ለብ ባለ ውኃ ጨው በጥብጦ እያጠጣ እንደሚያስመልሰው ይናገራል። ገጹ እዚያ ላይ አለቀ። ቀጣዩ ገጽ እኔ ዘንድ የለም፤ ምናልባት መስታወት የወለወልኩበት እሱ ይሆናል። ምክሩ ያለቀ መሰለኝ ልልህ ነበር፤ ግን አልመሰለኝም፤ ጭራሹን አላሰብኩበትም። ገጹ መጠኑን ስላልነገረኝ «ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው» የሚለውን ከራሴ ጨመርኩ። ወንድሜ፣ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል። ሁለት ማንኪያ ያልኩህ ሁለት ቁጥር ደስ ስላለኝ እንጂ ስላወቅሁ አልነበረም።

ከዚያ ያ መልስህ መጣ። ቡችላው የትንሿን ሌላ ካልሲ ውጦ ኖሮ፣ የጨው ውኃውን ጠጥቶ መልሷታል፤ እናንተም በፀሐይ አስጥታችኋታል። የበኩር ልጅህ ምክሬን በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ ገልብጣ ከሥሩ «ከተማረችው አክስቴ የተገኘ» ብላበታለች። ባለሱቋ ጎረቤታችሁ ወስዳ የሱቋ በር ላይ ለጥፋዋለች። እሷም አጋጣሚውን አግኝታ «ልጅ ሳንቲም ወይም አዝራር ቢውጥስ፣ ለልጅም ይሆናል ወይ? ጠይቅልኝ» ብላሃለች። ያን ደብዳቤ ይዤ ማረፊያ ቤቱ ውስጥ እንደ ሙሽራ ስንጎራደድ ዋልኩ። ለዘበኛችን ሳይቀር አነበብኩለት። እሱ ቀልደኛ ነውና «ከዛሬ ጀምሮ ሳል ሲይዘኝ አንቺ ዘንድ ነው የምመጣው» አለኝ።

አሁን ስለዚህ ቤት ውሻ ልንገርህ። ማረፊያ ቤቱ አባባ የምንላቸው አዛውንት ንብረት ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። አንድ ቡናማ ውሻ አላቸው። የወንበር እግር፣ የበር ምንጣፍ፣ የእንግዳ ነጠላ ጫማ ምንም ስለማይምር ዘበኛችን «ምስጥ» የሚል ስም አወጣለት፤ ስሙም ጸደቀ። አባባ ደረጃ ሲወርዱ ምስጥ ፊት ፊት ይወርዳል። እሳቸው የጥፍሩን ቋ ቋ እያዳመጡ ደረጃው የት ላይ እንደሚያልቅ ያውቃሉ። ሰው እጄን ይያዘኝ ብለው አያውቁም። ምስጥ ከሌለ ከክፍላቸው አይወጡም።

መልስህ በደረሰኝ በሳምንቱ፣ ረፋድ ላይ፣ የአንድ ክፍል መጋረጃ ጠርዝ ስቀመቅም ቆይቼ ካውያው ስለጋለልኝ ተነሣሁ። መርፌዬን ከነክሩ፣ መርፌ የምሰካባት ትንሽ የጨርቅ ትራስ ላይ ተክዬ ወንበሩ ላይ ተውኩት። የስፌት ሰው መርፌውን ሳይቆጥር ከወንበር አይነሣም፤ ይህን ለሌሎች የማስተምር እኔ ነኝ። ስመለስ ትራሷ ተዘልዝላ ወለሉ ላይ ተበትናለች፣ መርፌው የለም፣ ከምስጥ አፍ ጥግ ነጭ ክር ተንጠልጥሏል። ክሩን ይዤ ጎተትኩት። ጮኸና ክሩ እጄ ላይ ተበጠሰ። ከዚያ ወዲያ ምንም አላመነታሁም። ፈርቼ ነበር፣ ግን ውስጥ ውስጡን ኩራትም ነበረብኝ፤ የማውቀው ነገር ነዋ! ለብ ያለ ውኃ ቀዳሁ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው በጠበጥኩ፣ መንጋጋውን ከፍቼ አጠጣሁት። አምኖኝ ጠጣ።

መጀመሪያ አረፋ አስመለሰው። ቀጥሎ የትራሷ ቁራጭ ወጣ። እኔም እጄን ሰድጄ መርፌውን እየፈለግሁ «ጎሽ፣ ጎሽ» እለዋለሁ። ቀጥሎ ደም መጣ። መርፌው አልመጣም። ሌላ ኩባያ አጠጣሁት። ትንሽ ቆይቶ እግሮቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር።

ዘበኛችን ጩኸቱን ሰምቶ ሮጦ ገባ። «ምን ሆነ?» አለ። አባባም ከኋላው ግድግዳ እየዳሰሱ መጡ። «ምን በላብኝ?» አሉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? እኔም «የውጩ በር ክፍት ነበር መሰለኝ፣ ከመንገድ አጥንት አግኝቶ ይሆናል» አልኩ። የውጩን በር የሚዘጋው ዘበኛው ነው። አባባ እንግዶች በተቀመጡበት «አንተ ሰውዬ፣ በር ለመዝጋትም መካሪ ትፈልጋለህ? ዓይኔን ልትገድልብኝ ነው?» ብለው ጮኹበት። እሱ በሩን መዝጋቱን ያውቃል። ግን ውሻው ሲያጣጥር ስለ በር አይከራከርም፤ «ይቅርታ አባባ» ብቻ ብሎ ምስጥን አቅፎ ተሸከመውና ወደ እንስሳት ሐኪም ይዞት ሮጠ። እኔም ነጠላ ጫማዬን እያንጠለጠልኩ ተከተልኩት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፊቷ ኮስተር፣ እጇ ለስላሳ። «ምን ዋጠ?» ብላ ጠየቀችኝ። እዚያም «አጥንት» አልኩ። «ምን ሰጣችሁት?» አለች። «ምንም።» እሷም ዳስሳው መርፌ ወጋችውና፣ አጥንት ከሆነ ትንሽ እንጠብቅና እናየዋለን ብላ ኮሪደሩ ላይ እንድንቀመጥ ነገረችን። ተቀመጥን። ዘበኛችን የደም ነጠብጣብ ያለበትን ሸሚዙን እያየ «አይዞሽ እህቴ። ጥፋቱ የኔ ነው። እርግጠኛ ነበርኩ ዘግቼዋለሁ ብዬ፤ ለካ ዕድሜ ነው፣ መርሳት ጀመርኩ» አለኝ። ሰው የራሱን ትዝታ እንዲጠራጠር አደረግኩት፤ ገባህ? ግማሽ ሰዓት ያህል አጠገቡ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ስለዚያች ግማሽ ሰዓት ብዙ ልጽፍ ፈልጌ አልቻልኩም።

በመጨረሻ ተነሥቼ ገባሁና «መርፌ ነው የዋጠው፣ ከነክሩ። ክሩንም ጎትቻለሁ። የጨው ውኃም ሁለት ጊዜ አጠጥቻለሁ» አልኳት። ሐኪሟ አልጮኸችም። ወዲያው ራጅ እንዲነሣ አደረገች። ከዚያ «የጨው ውኃ ይስጡት ያለዎት ማነው?» አለችኝ። «አንብቤ» አልኩ፤ ገጿን ስወጣ ከመሳቢያው አንሥቼ በቦርሳዬ ይዣት ነበርና አወጣሁላት። ለምን እንደያዝኳት አላውቅም፤ መከታ ትሆነኛለች ብዬ ይሆናል። እሷ እስከ ግርጌው አነበበች፣ ገለበጠች፤ ጀርባው የሳሙና ማስታወቂያ ነው። «ቀሪውስ?» አለችኝ። ወንድሜ፣ በሕይወቴ ብዙ ነገር ተጠይቄያለሁ፤ እንደዚያ ጥያቄ ያሳነሰኝ የለም። ሐኪሟ ጽሑፉን ታውቀው ኖሮ ወይም ገምታው፣ «ቀጣዩ ገጽ ይህን ፈጽሞ እንዳታደርጉ የሚል ነው» አለችኝ።

መርፌው ወደ ሆዱ ይወርድ ነበር። እኔ ሳስመልሰው ወደ ላይ ተመልሶ ጉሮሮው ሥጋ ላይ ተሰካ። ክሩን ስጎትተው ደግሞ የበለጠ ሰነጠቀው። መንቀጥቀጡ ከመርፌው አልነበረም፤ ጨው ሲበዛ ለውሻ መርዝ ነው፣ አንጎሉን ይመታዋል። አንገቱን ቀደው መርፌውን አወጡለት። ሁለት ቀን ሙሉ ግሉኮስ ተሰክቶለት ዋለ፣ አደረ። እነዚያን ሁለት ቀናት አባባ ከክፍላቸው አልወጡም።

ምስጥ ተርፏል። ዛሬ ደረጃ ይወርዳል፣ ጅራቱንም ይቆላል። ከኔ እጅ ግን ውኃ አይጠጣም። ሳህኑን እኔ ካስቀመጥኩለት ፊቱን ያዞራል፤ ዘበኛው ያንኑ ሳህን አንሥቶ መልሶ ሲያስቀምጥለት ይጠጣል። ዘበኛው «ረስቶት ነው፣ አትቀየሚው» ይለኛል። አልረሳውም። ልክ ነው።

ለአባባ መርፌው በተዋጠበት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በራቸውን ዘግቼ ነገርኳቸው። «በር የዘጋውን ሰው በር ከፈተ አልኩት ማለት ነው» አሉ። ምስጥ ከሐኪም ቤት በተመለሰ በማግሥቱ ቁርስ ላይ እንግዶች ባሉበት ከወንበራቸው ተነሥተው ለዘበኛው «በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» አሉት። የኔን ስም አላነሡም። እኔ እዚያው ጥግ የገበታ ጨርቅ እሰፋ ነበር፤ ቀና ሳልል መስፋቴን ቀጠልኩ። ለዘበኛው ይቅርታ የጠየቅኩት በኋላ፣ ደጅ ለብቻው ሳገኘው ነው። እሱም ይቅር አለኝ። ባለፈው እሑድ ግን ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ድንገት ሳቀና «አባባ አንድ ጊዜ ቢቆጡኝ በሰው ፊት ቆመው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ አንቺ በሰው ፊት ሸጠሽኝ በጆሮዬ ሹክ ብለሽ ገዛሽኝ» አለኝ። ቀልዶ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ቃሉን በልቤ ስደጋግመው ዋልኩ።

ስለዚህ ሰኞ ላንተ ደወልኩ። ማክሰኞ ደግሞ ቁርስ ቤት ቆሜ ለእንግዶቹ፣ ለሠራተኛው፣ ለሁሉም ተናገርኩ። አብዛኞቹ እንግዶች አዲስ ናቸው፣ ታሪኩን አያውቁም፤ አንዱ ዳቦውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። ድምፄ እንደዚያ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ዘበኛችን ከበሩ ላይ «እህቴ፣ ይቅርታ ጠይቂ አልኩ እንጂ መንገድ ድረስ ይሰማ አላልኩም» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ መሳቢያዬ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ።

አሁን የሚቀረው የናንተ ሰፈር ነው። እዚያ የተናገርኩት በሹክሹክታ አልነበረም፤ በር ላይ ተለጥፏል።

ከዚህ በታች የምጽፈው ሐኪሟ ራሷ አንብባ ያረመችው ነው፤ ከራሴ አንድ ማንኪያ አልጨመርኩም። ውሻ ዕቃ ከዋጠ ጨውም፣ ዘይትም፣ ሳሙናም፣ ምንም አታጠጡት፤ ሐኪም እስኪያየው ምግብም አትስጡት። በቤት ውስጥ ላስመልሰው አትበሉ። ስለት ያለው ወይም ሹል ነገር ሲመለስ ሲወርድ ከጎዳው የባሰ ይቀድዳል። ክር ወይም ገመድ ከአፉም ሆነ ከኋላው ተንጠልጥሎ ብታዩ አትጎትቱ፤ አንጀት ይቆርጣል። የዋጠውን ነገር ቁራጭ ወይም አምሳያ ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰዱት፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደዋጠም ንገሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሆነውን ሳትቀንሱ ንገሩ፤ ሐኪሟ ይህን ስታርምልኝ ቀና ብላ አየችኝ። ካልሲዋ የወጣችው በዕድል ነው፤ ይህንንም ንገሪያቸው ብላኛለች። ቡችላው ዕቃ የሚያኝከው ጥርሱ ስለሚያሳክከውና ብቻውን ሲውል ስለሚሰለቸው ነው። የሚያኝከው ነገር የራሱን ስጡት፣ ሲነክሰው የማይሰበርና የማይዋጥ፣ ከአፉ የሚበልጥ ይሁን። አጥንት በእሳት የበሰለ አትስጡት፣ ይሰነጠቃል። ካልሲና አዝራር መሬት አይደር። አፉ ውስጥ ዕቃ ካገኛችሁ አታሳድዱት፤ ስታሳድዱት ለመሰወር ብሎ ይውጠዋል። የሚወደውን ቁራሽ አሳዩት፣ ለቆት ይመጣል።

ስለ ልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለባለሱቋ የምመልስላት ይህን ነው፤ አይሆንም፣ በጭራሽ አይሆንም። ልጅ የሆነ ነገር ቢውጥ የጨው ውኃ ሕይወቱን ሊያጠፋው ይችላል። እቅፍ አድርጋችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ጥያቄዋ እጄ ላይ እያለ እስከ ሰኞ ድረስ ሃያ አንድ ቀን ዝም አልኩ፤ መርፌውን የዋጠው ውሻ ነው፣ ይህን ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። ለዚህ ምንም ምክንያት የለኝም። «አክስቴ አልተማረችም» ይባላል ብዬ ነው የፈራሁት።

አንተም ይህን ደብዳቤ ለማስዋብ ብለህ እንዳትዘል። የመጀመሪያውን ምክር ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው ሁሉ ይህንንም ይስማ። የሳቀብኝ ይሳቅ። ቢስቁም አይርሱት።

ለባለቤትህ፣ እህቴ ብዬ ለማልጠግባት፣ ሰላም በልልኝ፤ ጥርሷን ታስነቅል፣ ቅርንፉድ መድኃኒት ነው ብዬ ነግሬያት ከሆነም እሱንም ከሐኪም ታጣራ። ለአክስታችን ጉልበቷን ሳምልኝ። ለበኩር ልጅህ እጅዋን ሳምልኝ፤ ምክሬን ያመነችኝ እሷ ናት፣ አዲሱንም ገልብጣ አሮጌውን ገንጥላ ትለጥፍልኝ፣ «የተማረችው» የሚለውን ቃል ግን ታውጣልኝ። ለመካከለኛው ልጅህ ጸጉሩን ዳብስልኝ። ለትንሿ፣ ለባለ ካልሲዋ፣ ጉንጭ ጉንጯን። ለቡችላችሁ ውኃ በንጹሕ ሳህን አስቀምጥልኝ።

ለባለሱቋና ለልጇም ሰላምታዬ ይድረስ። ወንድሜ፣ ይህን እንደጨረስክ መጀመሪያ ሂድና ጠይቃት፤ በዚህ ሃያ አራት ቀን ውስጥ ለልጇ አጠጥታው እንደሆነ። ከዚያ ጻፍልኝ ወይም ደውልልኝ። እኔን ለመጠበቅ ብለህ አታሳምረው። ክፉም ቢሆን ስለ ዝናብ አታውራኝ።

እህትህ፣
ከማረፊያ ቤቱ የስፌት ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ ጥር ፲፬ ቀን